ወርቁን እርሱት፣ አፈሩን አንብቡ፦ የሮማውያንን ፍርስራሽ ከዳሰሳ እስከ ቁፋሮ እንዴት እናጥና?

ስለ አርኪዮሎጂ ቁፋሮ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ወርቅ ተገኘ ወይ?» ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ ቪንዶላንዳ በሚባለው የሮማውያን ወታደሮች ምሽግ የተገኘው ትልቁ ሀብት ግን ወርቅ አልነበረም። በ1973 ሮቢን በርሊ የተባለ አርኪዮሎጂስት ከጥቁር ጭቃ ውስጥ ስንጥር የመሰለ ስስ እንጨት አወጣ። እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። ሲያላቅቁት ውስጡ በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አገኙ። በቦታው መጀመሪያ ከተገኙት ደብዳቤዎች አንዱ ስለ ምን ቢያወራ ጥሩ ነው? ስለ ካልሲ፣ ስለ ነጠላ ጫማና ስለ ውስጥ ሱሪ። በኋላ ደግሞ ክላውዲያ ሰቬራ የምትባል የጦር አዛዥ ሚስት ጓደኛዋን ለልደት በዓሏ የጠራችበት ደብዳቤ ተገኘ። ወደ 1900 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው።

ያንን እንጨት ከነጭቃው በአካፋ አንስቶ መጣል በጣም ቀላል ነበር። ያልተጣለው ሥራው በሥርዓት ስለተሠራ ነው። ሥርዓቱ ምን እንደሚመስል ከመጀመሪያው ደረጃ እንሂድበት። በፈቃደኝነት ቁፋሮ ላይ ልትሳተፉ ያሰባችሁ፣ ተማሪ የሆናችሁ፣ ወይም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ የፈለጋችሁ ይጠቅማችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ፈቃድ

ያለ ፈቃድ አንድ አካፋ አፈር አይነሳም። እንግሊዝ ውስጥ ጥበቃ በተደረገለት ጥንታዊ ቦታ ላይ መቆፈር ቀርቶ ያለ ፈቃድ የብረት መፈለጊያ ይዞ መዞር እንኳ በ1979ኙ ሕግ ወንጀል ነው። ቦታው ጥበቃ ባይኖረውም የመሬቱ ባለቤት እሺ ማለት አለበት። በ1996ቱ የውድ ቅርሶች ሕግ መሠረት ደግሞ የጥንት የወርቅና የብር ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ጣሊያን ውስጥ ከመሬት በታች ያለ ቅርስ የመንግሥት ነው። ቁፋሮውም በባህል ሚኒስቴሩ ፈቃድ ብቻ ይካሄዳል። እዚህ ላይ «ትንሽ ብቻ ልሞክር» የሚባል ነገር የለም።

2. ከቢሮ ጀምሩ

ጥሩ ዳሰሳ የሚጀምረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የድሮ ካርታዎችን፣ የድሮ የቁፋሮ ዘገባዎችንና ከአየር የተነሱ ፎቶዎችን ሰብስቡ።

«ይህ ቦታ እኮ ተቆፍሯል፣ አልቆለታል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ አትመኑት። በደቡብ እንግሊዝ ያለችው የሮማውያን ከተማ ሲልቸስተር ከ1890 እስከ 1909 ድረስ ተቆፍራለች። ያኔ የቆፈሩት ሰዎች የድንጋይ ግድግዳ እየተከተሉ ይሄዱ ስለነበር የከተማዋን ጥሩ ካርታ ሠርተዋል። ከእንጨት ተሠርተው የበሰበሱትን ቤቶች ግን ብዙዎቹን አላዩአቸውም። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ በ1997 ወደ አንዱ ሰፈር ተመልሶ እስከ 2014 ድረስ በየበጋው ቆፈረ። የቀደሙት ያለፉትን ታሪክ ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ከላይ ማየትም አትርሱ። የተቀበረ ግንብ ባለበት ቦታ አፈሩ ስስ ስለሚሆን እህሉ ይቀጭጫል፣ ቶሎም ቢጫ ይሆናል። የተሞላ ቦይ ባለበት ደግሞ አፈሩ ጥልቅና እርጥብ ነው፤ እህሉ ለምልሞ ይረዝማል። በድርቅ ወቅት ይህ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በ2018 የበጋ ድርቅ ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ያልታወቁ ቦታዎች ከአየር የታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ድሮን ካላችሁ ፎቶውን በማለዳ ወይም ወደ ማምሻው አንሱ። ጸሐይዋ ዝቅ ስትል የመሬቷ ትንሽ እብጠት እንኳ ጥላ ይጥላል።

3. ማሳውን በእግር መዳሰስ

ማሳው ታርሶ ዝናብ ካጠበው በኋላ ግቡ። ዝናቡ ገሉን ከአፈር አጥቦ ያሳያችኋል። ማሳውን በየ10 ሜትሩ በመስመር ከፋፍሉት። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይዞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀስ ብሎ ይሂድ። ያገኘውን በከረጢት ይክተት፤ ከረጢቱ ላይም የመስመሩን ቁጥር ይጻፍ።

ምን ትፈልጋላችሁ? አንደኛ፣ የጣሪያ ሸክላ። የሮማውያን ጣሪያ ሁለት ዓይነት ሸክላ አለው፦ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ጠፍጣፋና መጋጠሚያውን የሚሸፍን ጎባጣ። ሁለተኛ፣ በማበጠሪያ የተጫረ የሚመስል ወፍራም የሸክላ ስባሪ። ይህ ሙቅ አየር በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍበት ቱቦ ስለሆነ፣ ካገኛችሁት በአቅራቢያው መታጠቢያ ቤት ወይም የሚሞቅ ክፍል ነበር ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቀይና የሚያብረቀርቅ የገበታ ሸክላ። ይህኛው ለዘመን ቆጠራ ወርቅ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ገል የተበተነበት ሁሉ ግን ቤት አይደለም። ጥንት ገበሬው ቆሻሻና ፍግ ወደ ማሳው ሲወስድ ስባሪውም አብሮ ይሄድ ነበር። ስስ ሆኖ ሰፊ ቦታ ላይ የተበተነ ገል ብዙ ጊዜ የፍግ ምልክት ነው። ከድንጋይና ከጣሪያ ሸክላ ጋር አንድ ቦታ የተከማቸ ከሆነ ግን ልብ በሉ።

ከሮም ሰሜን ባለው አካባቢ በሮም የብሪታንያ ትምህርት ቤት የተባለው የምርምር ተቋም ኃላፊ የነበረው ጆን ዋርድ ፐርኪንስ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመራው ዳሰሳ እንዲህ በእግር የተሠራ ነው። ትራክተር መሬቱን በጥልቀት ማረስ ጀምሮ ስለነበር ቦታዎቹ ሲታዩም ሲጠፉም አንድ ላይ ነበር።

4. ሳይቆፍሩ ከመሬት በታች ማየት

ዋናዎቹ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ማግኔቶሜትር ነው። ሸክላ ሲተኮስ ወይም ምድጃ ሲነድድ አፈሩ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን የመሬትን ማግኔት ይይዝና ሲቀዘቅዝ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ የሸክላ መተኮሻ እቶን፣ ምድጃና የተቃጠለ ቤት ጎልተው ይታያሉ። በላይኛው አፈር የተሞላ ቦይም ከዙሪያው ይለያል። ማሳውን በ20 ወይም በ30 ሜትር ካሬዎች ከፋፍላችሁ በየ1 ሜትሩ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳላችሁ።

መሣሪያውን የያዘ ሰው ብረት የሚባል ነገር በላዩ ላይ ሊኖር አይገባም። ቁልፍ፣ ስልክ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የሱሪ ዚፕ፣ የጫማ ማሰሪያ ቀዳዳ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ሳትቀር ትረብሻለች። ስፖርት ሱሪና የላስቲክ ቦቲ ያዋጣል። አጥር ሽቦ አጠገብ የተለካውን ቁጥር አትመኑት። ካርታው ላይ ነጭና ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ የፈረስ ጫማ ብረት ወይም ሰሞኑን የተጣለ የቢራ ጣሳ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መከላከልን የሚለካው መሣሪያ ነው። የብረት ዘንጎቹን መሬት ላይ እየተከላችሁ ትለካላችሁ። ደረቅ ግንብ የኤሌክትሪኩን ጉዞ ያግዳል፤ እርጥብ ቦይ ያሳልፋል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ለድንጋይ ግድግዳ እሱን የሚያህል የለም።

ሦስተኛው የመሬት ውስጥ ራዳር ነው። ትልቅ ጥቅሙ ጥልቀትን እየለየ ማሳየቱ ነው። ከሮም ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ፋሌሪ ኖቪ ለዚህ ምስክር ናት። የካምብሪጅና የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራዳሩን በባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል እየጎተቱ በቅጥሯ ውስጥ ያለውን 30.5 ሄክታር በሙሉ ለኩት። ውጤቱን በ2020 አሳተሙ። ቤተ መቅደሱ፣ ገበያው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የውኃ ቧንቧው ሳይቀር በካርታ ወጣ። አንድም ጉድጓድ አልተቆፈረም! እርጥብ የሸክላ አፈር ላይ ግን ራዳሩ ብዙም አያይም።

ሦስቱም አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። ግድግዳው የት እንዳለ ይነግሯችኋል እንጂ መቼ እንደተሠራ አይነግሯችሁም። ለዚያ መቆፈር ያስፈልጋል።

5. ጥያቄውን ጻፉ፣ ከዚያ ጉድጓዱን ምረጡ

«ምን እንዳለ እንይ» ጥያቄ አይደለም። «ይህ ቦይ የተቆፈረው ከድንጋዩ ምሽግ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን የምታገኙት ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ስለሆነ ጉድጓዱ እዚያ ላይ ይውላል። ትንሽ ጉድጓድ፣ ቁርጥ ያለ ጥያቄ።

ጥድፊያ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ኦስቲያን ይመልከት። የሙሶሊኒ መንግሥት የሮምን የወደብ ከተማ ለ1942ቱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለማድረስ ብሎ ከ1938 ጀምሮ በችኮላ አስቆፈረ። የከተማዋ ሰፊ ክፍል በጥቂት ዓመት ውስጥ ወጣ። የመጨረሻዎቹን መቶ ዓመታት ኑሮ የያዘው የላይኛው አፈር ግን በአግባቡ ሳይመዘገብ ተጠርጎ ተጣለ። ኤግዚቢሽኑም በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም።

6. መክፈት

ካሬውን በችካልና በሲባጎ አውጡ። የታረሰውን የላይኛውን አፈር ጥርስ የሌለው ባልዲ በተገጠመለት ኤክስካቫተር ማንሳት ይቻላል። አንድ አርኪዮሎጂስት ግን ከማሽኑ ፊት ቆሞ እያንዳንዷን ጭረት ይመለከታል። ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ድንጋይ ሲታይ ማሽኑ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የእጅ ነው። የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቃችሁ ከምሩት። የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ንብርብሩ የሚነበበው እዚያ ላይ ነውና። ጥልቀቱ ከወገብ ካለፈ ግድግዳውን ሳትደግፉ ወይም ደረጃ ሳትሠሩለት አትግቡ። አፈር ሲናድ አያስጠነቅቅም።

7. ማንኪያውና ንብርብሩ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

የአርኪዮሎጂስቱ ዋና መሣሪያ የግንበኛ ማንኪያ ነው፤ አነስ ያለው፣ ምላጩ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው። በጫፉ አትውጉ። በጠርዙ አፈሩን ወደ ራሳችሁ እየጎተታችሁ ፋቁ፣ ወደ ኋላ እየሸሻችሁ ሂዱ። ያጸዳችሁትን አትረግጡም። ዶማና አካፋም ቦታ አላቸው፤ ወፍራም የፍርስራሽ ክምር በማንኪያ ሲቆፈር የሚውል ሰው ጊዜ ይፈጃል እንጂ ጥንቃቄ አያተርፍም።

መርሑ ግልጽ ነው፦ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይነሳል። የአፈር ንብርብር መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። ችግሩ ሰዎች መሬትን ይቆፍራሉ። የቆሻሻ ጉድጓድ፣ የምሰሶ ጉድጓድ፣ የመሠረት ቦይ የላይኛውን ንብርብር በጥሶ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ያለው ዕቃ ጥልቅ ቢሆንም ከጎኑ ካለው አፈር ያነሰ ዕድሜ አለው። ስለዚህ ጥልቀት ዘመን አይደለም። ጀማሪ ሰው ይህን እስኪለምድ ድረስ ይቸገራል።

ጉድጓዱን እንዴት ታዩታላችሁ? በቀለምና በእጅ። ለምሳሌ ቡናማ ወለል ላይ 30 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ክብ ጠቆር ብሎ ይታያል። ማንኪያው ሲነካው ለስለስ ይላል፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ከሰል ብጥስጣሽ አለበት። ይህ የበሰበሰ ምሰሶ ቦታ ነው። ሙሉውን አትቆፍሩት። መሐሉ ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ ግማሹን ብቻ አውጡ። ቀሪው ግማሽ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ጎኑን ያሳያችኋል፦ ምሰሶው የቆመበት፣ ዙሪያውን የተጠቀጠቀው ድንጋይ፣ በኋላ የገባው አፈር። ሣሉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ቀሪውን አውጡ። አፈሩ ደርቆ ቀለሙ ከጠፋባችሁ ውኃ በስሱ እርጩበት፤ ልዩነቱ ይመለሳል።

በተረፈ ግንቡ ራሱ የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው። በመካከለኛው ዘመን ሰዎች የሮማውያንን ድንጋይ እየነቀሉ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤት ወስደዋል። የሚቀረው ድንጋዩ የተነቀለበት ቦይ፣ ውስጡም የኖራ ፍርፋሪ ነው። እሱም ቢሆን የግንቡን አቅጣጫና ስፋት ያሳያል።

ትዕግሥት የት ሊያደርስ እንደሚችል በምዕራብ እንግሊዝ ባለችው የሮማውያን ከተማ በሮክስተር ላይ ታይቷል። ፊሊፕ ባርከር ከ1966 ጀምሮ እዚያ ያለውን የመታጠቢያ ቤት አዳራሽ ፍርስራሽ ሰፊ ቦታ ከፍቶ ድንጋይ በድንጋይ እያየ አጸዳው። ሌላ ሰው ተራ ፍርስራሽ ብሎ የሚጠርገው ክምር ላይ የተስተካከሉ መደቦች አየ። ሮማውያን ከብሪታንያ ከወጡ በኋላም ሰዎች እዚያ የእንጨት ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር የሚለውን መደምደሚያ ያመጣው ይህ ነው። እንደኔ እንደኔ በማንኪያ ከተሠሩ ሥራዎች ሁሉ የሚያስቀናው ይኸኛው ነው።

8. መመዝገብ

ቁፋሮ የሚያጠናውን ነገር ያጠፋል። የተነሳ ንብርብር አይመለስም። ስለዚህ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተገኘ ቁጠሩት።

እያንዳንዱ ንብርብር፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ግድግዳ የራሱ ቁጥርና ቅጽ ይኖረዋል። ጉድጓዱ ራሱና በውስጡ የሞላው አፈር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ የተቆፈረበት ጊዜና የተሞላበት ጊዜ ይለያያሉና። ቅጹ ላይ ቀለሙን፣ ጥንካሬውን፣ ምን እንደተቀላቀለበት፣ ከምን በላይና ከምን በታች እንደሆነ ጻፉ። ከላይ የሚታየውን ንድፍ በ1፡20፣ የጎኑን በ1፡10 ሣሉ። ከፍታውን ለኩ። ፎቶ ላይ መለኪያና የሰሜን ቀስት አይጥፋ።

የንብርብሮቹን ቅደም ተከተል የሚያሳየው ሥዕል የሃሪስ ማትሪክስ ይባላል። ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 ያወጣው ነው። ሳጥን ውስጥ ቁጥር፣ በመስመር የተያያዘ፣ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። በየቀኑ ማታ ሙሉት። ሳምንት ካደረ ማን ከማን በላይ እንደነበር ትጨቃጨቃላችሁ።

ዛሬ በብዙ ፎቶ ባለ ሦስት አውታር (3D) ሞዴል መሥራት ቀላል ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ግን የእጅ ሥዕሉን አትተዉ። የሚሥል ሰው ፎቶ አንሺው ያላየውን ያያል።

9. የተገኘው ዕቃ

ዕቃው የወጣበት ንብርብር ቁጥር ከረጢቱ ላይ ካልተጻፈ፣ የንጉሠ ነገሥት ሐውልት ቢሆንም ዋጋው ግማሽ ነው።

ቆሻሻውን ለማጽዳት አትቸኩሉ። ገልና አጥንት በውኃና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባሉ። ብረትና ነሐስ ግን ፈጽሞ አይታጠቡም፤ እርጥበት ከሚመጥ ኬሚካል ጋር ደረቅ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። እርጥብ የወጣ እንጨትና ቆዳ በተቃራኒው እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ቪንዶላንዳ ላይ በሺህ የሚቆጠር የቆዳ ጫማ የተገኘው አየር የማይገባው ጭቃ ስለጠበቀው ነው። ጸሐይ ላይ ብትተዉት ባንድ ከሰዓት ተጨማዶ ያልቃል። አፈሩን ራሱንም ውሰዱ። ከዋና ዋና ንብርብሮች 40 ሊትር ያህል ናሙና ተወስዶ ውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ የከሰለ ስንዴ፣ ዘርና የዓሣ አጥንት ይለያል።

ዘመኑን ለማወቅ ሳንቲም ይረዳል፣ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ወለል ውስጥ ከ117 እስከ 138 የገዛው የሀድሪያን ሳንቲም ቢገኝ፣ ወለሉ ከ117 በፊት አልተሠራም ማለት ነው። በ150 ወይም በ200 ሊሆን ይችላል፤ ሳንቲም ለረጅም ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራልና። ያ ቀይ የገበታ ሸክላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሠሪው ማኅተም አለበት። ደቡብ ፈረንሳይ ላ ግሮፈሳንክ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች በጣም ስለተጠኑ፣ አንዲት ማኅተም ያላት ስባሪ ዘመኑን ወደ ጥቂት አሥርት ዓመታት ልታጠብበው ትችላለች።

የሮማውያን ዕቃ የሚገኘው በሮማውያን ግዛት ብቻም አይደለም። ከዛሬዋ አቃባ ወደብ የመጡ እንስራዎች በአዱሊስና በአክሱም ተገኝተዋል። በትግራይ፣ ቤተ ሰማዕቲ በተባለው ቦታ ደግሞ የበሬ ጭንቅላት የተቀረጸበት የሮማውያን አሠራር የሚመስል የወርቅ ቀለበት ወጥቷል። ወርቅ ለሚጠይቁ ሰዎች ይኸው፤ ግን ቀለበቱንም የሚያናግረው የተገኘበት ቦታ ነው።

10. ከጉድጓዱ ከወጣችሁ በኋላ

አንድ ወር መቆፈር ብዙ ወራት የጠረጴዛ ሥራ ያመጣል። ዕቃው ይታጠባል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ዘገባው ይጻፋል፣ ሁሉም ሙዚየም ይገባል። በጀታችሁ ለቁፋሮው ብቻ የሚበቃ ከሆነ አትጀምሩ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ግድግዳ በጨርቅ ሸፍናችሁ በአፈር መልሱት። ለዝናብና ለውርጭ የተጋለጠ ግንብ ከመቀበር ይልቅ በመታየት ይሞታል።

እጃችሁን ማሟሸት ከፈለጋችሁ እንደ ቪንዶላንዳ ያሉ ቦታዎች በየዓመቱ በጎ ፈቃደኛ ይቀበላሉ፤ ልምድም አይጠይቁም። ምዝገባው ከወራት በፊት ስለሚካሄድ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ስትሄዱ የቴታነስ ክትባታችሁን አረጋግጡ። ጓንት፣ የዝናብ ልብስና የጉልበት ማረፊያ ስፖንጅ ያዙ። በተለይ ስፖንጁን።